ያልጻፈ ነጋዴ በሰው ግምት ይኖራል፦ ለመቀሌ አነስተኛ ነጋዴዎች የሒሳብ፣ የግብርና የጡረታ መመሪያ

በመቀሌ ከተማ፣ ከሓድነት እስከ ኲሓ፣ ከዓዲ ሓቂ እስከ ዓይደር ባሉት ክፍለ ከተሞች፣ በሱቅ፣ በዳቦ ቤት፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ፣ በልብስ ስፌትና በምግብ ቤት የሚተዳደር ሰው ሁሉ ወርኀ ሐምሌ በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም «ዓመቱን ስንት ሸጡ፣ ስንት አወጡ፣ ምን ተረፈዎ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በመዝገብና በደረሰኝ የሚመልስ ነጋዴ ግብሩን በእውነተኛ ገቢው ልክ ይከፍላል፤ በቃል ብቻ የሚመልስ ግን ሌሎች ሱቁን አይተው፣ ከጎረቤቱ ጋር አመዛዝነው በሚያወጡለት የቀን ገቢ ግምት ይዳኛል፤ ግምቱ በዛብኝ ብሎ ሲያመለክትም የሚያቀርበው ማስረጃ ስለሌለው አቤቱታው ከቃል አያልፍም።

ብዙ ሰዎች ሒሳብን፣ ግብርንና የጡረታ ቁጠባን ሦስት የማይገናኙ ነገሮች አድርገው ያያሉ። አበው «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» እንዳሉት ከሥሩ ለመረመረው ግን የሦስቱም መነሻ አንድ ነው፤ እርሱም በየዕለቱ የሚጻፍ የታመነ መዝገብ ነው። ከዚህ መዝገብ የመንግሥት ድርሻ ይታወቃል፤ የሠራተኛው ድርሻ ይታወቃል፤ የባለቤቱም የእርጅና ስንቅ የሚቆረጠው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመዝገቡ ተነሥቶ በዐሥር ደረጃ ወደ ግብሩና ወደ ጡረታው ይሄዳል።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ሁለት ባለ ሰንጠረዥ ደብተሮች፣ የማይለቅ ቀለም ያለው ስክሪብቶ፣ ደረሰኝ የሚታቀፍበት ክላሰር፣ ካልኩሌተር፣ ከግል ሒሳብዎ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ እንዲሁም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የጸና ንግድ ፈቃድ። ከዚህ ሌላ የሚፈለገው በየምሽቱ ሱቅ ሳይዘጋ የሚሰጥ ጥቂት ጊዜ ነው። ኮምፒውተር ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖር ግን በደብተር የተጻፈ ትክክለኛ መዝገብ በኮምፒውተር ከተጻፈ የተሳሳተ መዝገብ እጅግ ይበልጣል።

1ኛ ደረጃ፦ የሱቁንና የቤቱን ገንዘብ ይለዩ

ከሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት፣ ሳይሠራም ሌላው ሁሉ ከንቱ የሚሆነው ይህ ነው። የዕለቱ ሽያጭ ከሚገባበት መሳቢያ ለጤፍ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ለለቅሶና ለሠርግ እያወጡ የሚኖሩ ከሆነ፣ ሱቁ እያተረፈ ይሁን ወይም ካፒታሉን እየበላ ይሁን ማንም፣ እርስዎም ጭምር፣ ሊያውቀው አይችልም። መድኃኒቱ ለራስዎ በወር የሚወስዱትን መጠን አስቀድሞ መወሰንና በተወሰነ ቀን ወደ ግል ሒሳብዎ ማዛወር ነው። ችግር ገጥሞዎ ከዚያ በላይ ቢወስዱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን «ባለቤት የወሰደው» በሚል ዓምድ መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ባለቤቱ ለራሱ የወሰደውን ከሱቁ ወጪ ጋር መደመር ነው። በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ከሱቁ የሚወስደው ገንዘብ ከትርፉ የተወሰደ ድርሻ እንጂ የንግድ ወጪ አይደለም፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም የግል ወጪ ከገቢ ላይ እንዲቀነስ አይፈቅድም። እንዲህ ያለው ወጪ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ሲገኝ መርማሪው በእውነተኞቹ ወጪዎችዎ ላይም ጥርጣሬ ያድርበታል።

2ኛ ደረጃ፦ የዕለቱን መዝገብ በዕለቱ ይዝጉ

በመጀመሪያው ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ይስጡ። ዓምዶቹ፦ በማለዳ የተገኘ ጥሬ ገንዘብ፣ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የተሸጠ፣ በዱቤ የተሸጠ፣ ከዱቤ የተሰበሰበ፣ ለግዢ የወጣ፣ ለሌላ ወጪ የወጣ፣ ባለቤት የወሰደው፣ በማታ መገኘት ያለበት፣ ተቈጥሮ የተገኘው።

ለምሳሌ አንዲት የቤት ዕቃ ነጋዴ ሰኞ ማለዳ መሳቢያዋን ስትከፍት 1,500 ብር አገኘች እንበል። ቀኑን በጥሬ ገንዘብ 8,200 ብር ሸጠች፤ ለአንዲት ደንበኛ የ1,400 ብር ዕቃ በዱቤ ሰጠች፤ ካለፈው ዱቤ 600 ብር ተከፈላት፤ ለዕቃ ግዢ 4,000፣ ለጫኝና አውራጅ 300 ብር አወጣች፤ ለራሷም 500 ብር ወሰደች። የዕለቱ ሽያጭ 9,600 ብር ነው፤ ዱቤውም ሽያጭ ነውና። በማታ መሳቢያው ውስጥ መገኘት ያለበት ግን 5,500 ብር ነው። ተቈጥሮ 5,350 ብር ከተገኘ የጐደለውን 150 ብር በዕለቱ «ጉድለት» ብላ ትጽፈዋለች እንጂ ሒሳቡ እንዲገጥምላት ሽያጩን አትቀንስም። በዕለቱ የተጻፈ ጉድለት ምክንያቱ ሲፈለግ ይገኛል፤ መልስ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ የተረሳ ወጪም ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ማንም አያስታውሰውም።

በዚህ ደረጃ ሁለት ነገሮች ይከልከሉ። አንደኛው የሳምንቱን ሁሉ እሑድ ተቀምጦ ከትዝታ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው የተሳሳተውን ፍቆ ወይም በፍሉድ አጥፍቶ ማስተካከል ነው። ስሕተት ቢፈጠር በአንድ መስመር ይሰረዝ፤ ትክክለኛው ቍጥር ከጎኑ ይጻፍ፤ ፊርማም ይኑርበት። የጳጉሜን ቀናት ሽያጭም ከነሐሴና ከመስከረም መካከል ወድቆ እንዳይረሳ የራሱ ገጽ ይሰጠው።

3ኛ ደረጃ፦ ለእያንዳንዱ ወጪ ማስረጃ ይያዙ

መዝገብ ያለ ማስረጃ ምስክር እንደሌለው ክስ ነው። ግብር መሥሪያ ቤት ወጪን የሚቀንሰው ወጪው ለንግዱ ሥራ የተደረገ መሆኑ በሕጋዊ ደረሰኝ ሲረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ ከጅምላ ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ዋጋውን ልቀንስልዎ» የሚል ቃል ሲሰሙ ቅናሹን ብቻ አይመልከቱ። በ10,000 ብር ግዢ ላይ 500 ብር ቢቀነስልዎ፣ ያ ግዢ ከወጪ ተሠርዞ እንደ ትርፍ ሲቈጠርብዎና በ30 ወይም በ35 በመቶ ግብር ሲጣልበት በከፈሉት 9,500 ብር ላይ የሚደርስብዎ 2,850 ወይም 3,325 ብር ነው።

በመቀሌ የሰኞ ገበያ ማር፣ ቅቤ፣ እህልና በርበሬ ከገበሬ የሚገዙ ነጋዴዎች በዚህ ረገድ የተለየ ችግር አለባቸው፤ ገበሬው ደረሰኝ የለውምና። የእነዚህ መንገድ በግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በታተመ የግዢ ቫውቸር መጠቀም ነው፤ በእርሱም ላይ የሻጩ ስምና አድራሻ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ሚዛኑ፣ ዋጋውና የሻጩ ፊርማ ወይም አሻራ ይሰፍራል። ከክፍለ ከተማዎ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይህን ፈቃድ ሳያገኙ በተራ ወረቀት አስፈርመው የሚይዙት ማስረጃ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል።

ደረሰኞችን በወር በወር ከፍለው፣ በቀን ቅደም ተከተል በክላሰር ያኑሩ፤ በየደረሰኙ ጫፍ ላይም የመዝገቡን ገጽ ቍጥር ይጻፉ። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ስለሚጠፋ ፎቶ ኮፒ አድርገው ከዋናው ጋር ያያይዙት። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነዶች ቢያንስ 5 ዓመት እንዲቆዩ ያዝዛል። ይህች ከተማ በትግራይ ጦርነት ዘመን፣ ከሰኔ 2013 በኋላ ባንኮች ለረጅም ጊዜ በተዘጉበት ወቅት፣ የነጋዴው ማስረጃ በባንክ ስቴትመንት ብቻ መሆን እንደሌለበት አይታለች፤ ስለዚህ አንዱ ቅጂ በሱቅ፣ ሌላው በቤት ይቀመጥ። የጠፋ ሰነድ ያለበት ሰውም ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ የጠፋውን ዘርዝሮ፣ ከአቅራቢዎች የሚገኘውን ቅጂ ሰብስቦ፣ ሁኔታውን ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ የተቀባይነት ማኅተም ያለበትን ቅጂም ይያዝ።

4ኛ ደረጃ፦ ዱቤን፣ ክምችትንና ቋሚ ንብረትን ለየብቻ ይመዝግቡ

ሁለተኛው ደብተር ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የሚሰበሰብ ዱቤ፣ በሁለተኛው የሚከፈል ዕዳ፣ በሦስተኛው የዕቃ ክምችት፣ በአራተኛው ቋሚ ንብረት ይሰፍራል። ለእያንዳንዱ ዱበኛ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ የወሰደበት ቀን፣ ዕቃው፣ ዋጋው፣ የከፈለው፣ የቀረበት ይጻፍ፤ በወሰደ ጊዜም ይፈርም። በመተማመን የሚሰጥ ዱቤ የከተማችን መልካም ልማድ ነው፤ ፊርማውም መተማመኑን ይጠብቀዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ወዳጆችን የሚያጣላው ብዙውን ጊዜ አለመክፈል ሳይሆን ስንት እንደተወሰደ አለመስማማት ነውና።

ክምችት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ 30 ማታ፣ ይቈጠራል። የሚታሰበውም በተገዛበት ዋጋ እንጂ በሚሸጥበት ዋጋ አይደለም። የተሰበረውን፣ የነቀዘውን፣ ጊዜው ያለፈበትን ለይተው ይመዝግቡ።

ቋሚ ንብረት ማለት እንደ ማቀዝቀዣ፣ የስፌት መኪና፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ ኮምፒውተር ያለ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው። ዋጋው በተገዛበት ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጪ አይሆንም፤ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየተባለ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። በቀጥተኛ ስሌት ለኮምፒውተር በዓመት 20 በመቶ፣ ለአብዛኛው ሌላ መሣሪያ 15 በመቶ፣ ለሕንፃ 5 በመቶ ይታሰባል። በ80,000 ብር የተገዛ ማቀዝቀዣ እንግዲህ በዓመት 12,000 ብር ወጪ ይይዛል ማለት ነው። ብዙ ነጋዴዎች ይህን ቅናሽ ስለማያውቁት በየዓመቱ ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ።

5ኛ ደረጃ፦ የዓመቱን ትርፍ ያስሉ

በመሳቢያ ያለ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ ባዶ መሳቢያም ኪሳራ አይደለም። ገንዘቡ የሰው ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ትርፉም ዕቃ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ፣ ዱቤ ሆኖ በደንበኛ እጅ ሊሆን ይችላል። ትርፍ የሚታወቀው በስሌት ነው።

ከላይ የጠቀስናት ነጋዴ በዓመቱ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ሳይጨመር 2,400,000 ብር ሸጠች እንበል። ዓመቱ ሲጀምር የነበራት ክምችት 90,000 ብር፣ በዓመቱ የገዛችው 1,890,000 ብር፣ ሰኔ 30 ተቈጥሮ የተገኘው 110,000 ብር ነው። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ መነሻውንና ግዢውን ደምሮ የቀረውን በመቀነስ 1,870,000 ብር ይሆናል፤ ይህ ከሽያጩ ሲቀነስ ያልተጣራ ትርፏ 530,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የሱቅ ኪራይ 96,000፣ የአንድ ሠራተኛ ደሞዝ 72,000፣ ለእርሱ የተከፈለ የአሠሪ ጡረታ መዋጮ 7,920፣ መብራት፣ ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ ወጪ 42,080፣ የማቀዝቀዣው የእርጅና ቅናሽ 12,000፣ በድምሩ 230,000 ብር ሲቀነስ የተጣራ ትርፏ 300,000 ብር ሆነ።

ይህን ስሌት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየሦስት ወሩ ቢሠሩት ይበጃል፤ የኪራይ ጭማሪ ትርፉን እየበላ መሆኑን፣ የትኛው ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገንዘብዎን እንዳሰረ፣ ሌላ ሠራተኛ መቅጠር ይቻል እንደሆነ የሚነግርዎ ይኸው ነው። ዓመቱ በኪሳራ ቢያልቅም መዝገቡን አይጣሉት፤ በሕጉ መሠረት የተረጋገጠ ኪሳራ እስከ 5 ዓመት ተሸጋግሮ ከሚመጣው ትርፍ ሊቀነስ ይችላል፤ ይህ መብት ግን መዝገብ ላለው ብቻ ነው።

6ኛ ደረጃ፦ የግብር ደረጃዎን ይወቁ፣ ግብሩንም ራስዎ አስቀድመው ያስሉ

አዋጅ 979/2008 ግብር ከፋዮችን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ ዓመታዊ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነና ማናቸውም የንግድ ድርጅት ደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር ያለው ደረጃ «ለ»፣ ከ500,000 ብር በታች ያለው ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። በ2017 የወጣው የፌዴራል ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ግን ይህን ወደ ሁለት አጥፎ መለያውን 2,000,000 ብር አደረገው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴን ግብር የሚያስከፍለው ክልል በመሆኑ፣ በሐምሌ መግቢያ ላይ ወደ ክፍለ ከተማዎ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው «በዚህ ዓመት የምመደበው በየትኛው ደረጃ ነው፣ የመክፈያዬስ የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከጎረቤት በሰሙት ብቻ ደረጃቸውን የሚገምቱ ሰዎች ቀኑ ያልፍባቸዋል።

በተሻሻለው የፌዴራል ሰንጠረዥ ከግለሰብ የንግድ ትርፍ የመጀመሪያው 24,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 48,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 84,000 ያለው 20፣ እስከ 120,000 ያለው 25፣ እስከ 168,000 ያለው 30፣ ከ168,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። የነጋዴያችን 300,000 ብር በዚህ ሲሰላ 3,600፣ 7,200፣ 9,000፣ 14,400 እና 46,200፣ በድምሩ 80,400 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው 300,000 ብር ያተረፈ በጠቅላላው ላይ 35 በመቶ ይከፍላል ብሎ ይፈራል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ከፍ ያለው መጣኔ የሚነካው ከ168,000 ብር በላይ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ማሻሻያው መዝገብ የሚይዙ ነጋዴዎች ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ በታች እንዳይሆን ዝቅተኛ ልክ አበጅቷል፤ በዚህች ነጋዴ ዘንድ ያ ልክ 60,000 ብር በመሆኑ የምትከፍለው በትርፏ የተሰላውን 80,400 ብር ነው።

ይህ ገንዘብ በሐምሌ ወር ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የከፈሉትን ለ12 ከፍለው፣ ሽያጭዎ ካደገም ጥቂት ጨምረው፣ በየወሩ በተለየ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ በዚህ አብነት በወር 6,700 ብር ማለት ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ቫትና ቅድመ ግብርን ከራስዎ ገንዘብ ይለዩ

በተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ 2,000,000 ብር የሚደርስ ነጋዴ ለቫት ይመዘገባል፤ መጣኔውም 15 በመቶ ነው። ከደንበኛው በ1,000 ብር ዕቃ ላይ የሚሰበስቡት 150 ብር የእርስዎ አይደለም፤ በአደራ የተያዘ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ዕቃውን በ700 ብር ሲገዙ በሕጋዊ ደረሰኝ 105 ብር ቫት ከፍለው ከሆነ ለመንግሥት የሚያስረክቡት ልዩነቱን 45 ብር ነው፤ ደረሰኙ ከሌለዎ ግን 150ው በሙሉ ይፈለግብዎታል። ብዙ ሱቆችን ያንገዳገደው ይህን አደራ እንደ ሽያጭ ገንዘብ አዙሮ ዕቃ መግዛት ነው፤ የማስታወቂያው ቀን በየወሩ ሲመጣ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ይገኛል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለድርጅቶች የሚሸጡ ከሆነም ገዢው ከክፍያዎ ላይ ቅድመ ግብር ቀንሶ ገቢ ያደርጋል። ይህ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርዎ ላይ የሚታሰብልዎ ነው፤ የሚታሰበው ግን የተቀነሰበትን ደረሰኝ ካቀረቡ ብቻ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የማያቀርብ ሻጭ 30 በመቶ ስለሚቀነስበት ያለ ቁጥሩ ለድርጅት ለመሸጥ አይነሡ።

8ኛ ደረጃ፦ የሠራተኛዎን ግብርና ጡረታ በየወሩ ያስገቡ

አንድ ሠራተኛ እንኳ የሚያሠሩ ከሆነ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመለከትዎታል። መዋጮው ከሠራተኛው ደሞዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። የ6,000 ብር ደሞዝተኛ ምሳሌ ይሁነን፦ በተሻሻለው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር፣ የቀረው 2,000 ደግሞ 20 በመቶ፣ ማለትም 400 ብር፣ በድምሩ 700 ብር ግብር አለበት። የጡረታ መዋጮው 420 ብር ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 4,880 ብር ይሆናል፤ እርስዎም ከራስዎ 660 ብር ጨምረው ለጡረታ ፈንዱ 1,080 ብር ያስገባሉ። ሠራተኛው ሱቁን በወር የሚያስወጣው እንግዲህ 6,660 ብር ነው፤ ሲቀጥሩ ይህን ማሰብ ይገባል። ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥም ሁለቱ ክፍያዎች መፈጸም አለባቸው።

ይህ ደረጃ ከሕግ ግዴታነቱ ሌላ የኅሊና ጉዳይ ነው። አንድ ሠራተኛ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ሊኖረውና 60 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ አበሉም ለ10 ዓመት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ ሆኖ ለተጨማሪ አንድ አንድ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልበታል። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በዚህ ስሌት 48.75 በመቶ ያገኛል፤ ቢሞትም የትዳር ጓደኛው ከአበሉ ግማሹን ታገኛለች። እንግዲህ አሠሪው ገቢ ሳያደርግ የቀረ እያንዳንዱ ወር ከሠራተኛው የአገልግሎት ዘመንና ከትዳር ጓደኛው የመበለትነት መተዳደሪያ ላይ የሚቈረጥ ነው። ደሞዝን በወረቀት ላይ ዝቅ አድርጎ መጻፍም የሰውየውን የእርጅና እንጀራ መቀነስ ነው። ሠራተኛውን በየዓመቱ አንድ ጊዜ አስቀምጠው የከፈሉለትን መዋጮ ዝርዝር ያሳዩት።

9ኛ ደረጃ፦ ለራስዎ የእርጅና ስንቅ ይቁረጡ

በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ለሠራተኛው ጡረታ ሲከፍል፣ እርሱ ራሱ ደሞዝተኛ አይደለምና ለእርሱ የሚከፍልለት የለም። ብዙ የከተማችን ነጋዴዎች «ሱቁ ራሱ ጡረታዬ ነው» ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ሱቅ በኪራይ ቤት ያለ፣ ባለቤቱ ካልቆመበት የማይሠራ፣ በአንድ ክፉ ዘመን ባዶ የሚቀር ነገር መሆኑን ያለፉት ዓመታት አስተምረዋል። ስለዚህ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርን ጽሕፈት ቤት፣ ደሞዝተኛ ያልሆነ ሰው በፈቃዱ ስለሚታቀፍበት መንገድ ይጠይቁ፤ ከዚያም አልፎ የራስዎን ቁጠባ ይጀምሩ።

መጠኑን ሲወስኑ ለሠራተኛዎ የሚገባውን 18 በመቶ ለራስዎም መለኪያ ያድርጉት። ለራስዎ በወር 10,000 ብር የሚወስዱ ከሆነ 1,800 ብር ወደ ተለየ ሒሳብ ይግባ፤ የሚገባውም ወሩ ካለቀ በኋላ ከተረፈው ሳይሆን ከተወሰደው አስቀድሞ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና በትንሽ መጀመር አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ማቋረጥ ነው። የዋጋ ንረት በባንክ የተቀመጠ ብርን ስለሚያቀልል ሁሉን በአንድ ቦታ አያድርጉ፤ ከፊሉን በቁጠባ፣ ከፊሉን በግምጃ ቤት ሰነድ ወይም በደንብ በመረመሩት አክሲዮን፣ ከፊሉን በቤት ማድረግ ይቻላል። እቁብ ለዕቃ መግዣና ለሥራ ማስፋፊያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወለድ ስለሌለውና ዙሩ ሲያልቅ ገንዘቡ በእጅ ስለሚገባ ለ20 ዓመት ቁጠባ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ይህን ሒሳብ ለሱቅ ዕቃ አያበድሩት፤ «በወር እመልሰዋለሁ» ተብሎ የወጣ የጡረታ ገንዘብ ሳይመለስ የመቅረቱ ነገር እጅግ የተለመደ ነው።

10ኛ ደረጃ፦ ቀኖቹን ይጠብቁ፣ መብትዎንም ይወቁ

በሱቁ ግድግዳ ላይ የሚከተለውን ጽፈው ይለጥፉ፦ ማታ ማታ መዝገብ መዝጋት፤ በየወሩ የሠራተኛ ግብር፣ ጡረታና ቫት ማስገባት፣ የግብርና የእርጅና ቁጠባ ማዛወር፤ በየሦስት ወሩ ትርፍ ማስላት፤ ሰኔ 30 ክምችት መቍጠር፤ ሐምሌ 1 የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ ደረጃንና ቀንን ማረጋገጥ። በአዋጅ 979/2008 ደረጃ «ሐ» እስከ ሐምሌ 30፣ ደረጃ «ለ» እስከ ነሐሴ 30፣ ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ይከፍል ነበር፤ ይሁንና ጥቅምት 30 የተፈቀደለት ሰው እስከ መጨረሻው ቀን መጠበቅ የለበትም፤ በሰልፍ ብዛት ወይም በኔትወርክ ችግር የዘገየ ሰውም ዘግይቷልና። በአዋጅ 983/2008 ማስታወቂያ ያዘገየ ሰው ካልተከፈለው ግብር ከ5 በመቶ ጀምሮ እስከ 25 በመቶ ድረስ መቀጫ አለበት፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ኖሮበት ያልያዘም በግብሩ ላይ 20 በመቶ ይታከልበታል። ገንዘብ ቢጐድልዎ እንኳ ማስታወቂያውን በቀኑ አቅርበው በየጊዜው ለመክፈል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ይህ ከመሸሸግ እጅግ ይሻላል።

የተወሰነብዎ ግብር ትክክል አይደለም ብለው ካመኑ በቃል አይከራከሩ። በፌዴራሉ አዋጅ የቅሬታ ማመልከቻ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ በቅሬታው ውሳኔ ያልረካ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከክርክሩ ግብር 50 በመቶ አስይዞ፣ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይቀርባል። የውሳኔው ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን በላዩ ላይ ይጻፉ፤ በክልሉ አሠራር የሚፈቀደውን ጊዜም በዕለቱ ይጠይቁ፤ ከማመልከቻው ጋር የዕለት መዝገቡን፣ የክምችት ቆጠራውንና የደረሰኝ ክላሰሩን ያቅርቡ።

በመጨረሻም ይህን መዝገብ ከትዳር ጓደኛዎ ወይም ከልጆችዎ አንዱ እንዲያነበው ያስተምሩ። ባለቤቱ ቢታመም ወይም በድንገት ቢለይ፣ ከማን ስንት እንደሚፈለግ፣ ለማን ስንት እንደሚከፈል፣ የግብሩ ገንዘብና የእርጅናው ቁጠባ በየትኛው ባንክ እንዳለ የሚያውቅ ቤተሰብ ሱቁን ያስቀጥላል፤ የማያውቅ ቤተሰብ ግን ያልነበረ ዕዳ ይከፍላል፣ የነበረውን ሀብት ያጣል። እንግዲህ ሐምሌን አይጠብቁ፤ በጀት ዓመቱ የትም ወር ላይ ቢሆን፣ ዛሬ ማታ በመሳቢያዎ ያለውን ገንዘብ ይቍጠሩና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉት።